መልሱ ሳይደርስ የሚጠጣ ውሃ

ጎጂ ባክቴሪያን በወረቀት ቁራጭ መለየት ለጌጫና ለደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ምን ይፈይዳል?

ጌጫ ዝናብ ጠገብ ናት። የአንድራቻ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በመዘገበው የሸካ ደን አካባቢ ትገኛለች። ዝናብ ጨርሶ የማይጥልበት ወር ማግኘት ያስቸግራል። ደኑ የጣለውን ዝናብ ይዞ ያስቀራል፤ የያዘውን ደግሞ በየሸንተረሩ ግርጌ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ስለዚህ ምንጭ ብርቅ አይደለም። በሌላው የአገራችን ክፍል ሰው ለአንድ ጀሪካን ውሃ ግማሽ ቀን ሲኳትን፣ እዚህ ያለች እናት ከቤቷ ትንሽ ወረድ ብላ ኩልል ያለ ውሃ ትቀዳለች።

አሳሳቹም ይኸው ኩልል ማለቱ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ውሃን አያደፈርስም፣ ሽታ አይሰጠውም፣ ጣዕሙንም አይለውጥም። በአንድ ብርጭቆ የጠራ ውሃ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ቢዋኙ ዓይን አንዳቸውንም አያይም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ደጋግመው የሚገጥማቸው ጥያቄም ይኸው ነው፤ «ውሃው ይኸው ጥርት ያለ ነው፤ አባቶቻችንም የጠጡት ነው፤ ምን ይሆናል?»

ለዚህ ጥያቄ እዚያው ምንጩ ዳር፣ ውሃውን በምትቀዳው ሴት ፊት መልስ መስጠት ይቻላል ወይ? በዓለም ላይ ያሉ የኬሚስትሪና የሕክምና ተመራማሪዎች አንዲት የወረቀት ቁራጭ በቀለሟ መልስ እንድትሰጥ ለማድረግ ሲለፉ ዓመታት ተቆጥረዋል። ነገሩ ለአንባቢ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የእርግዝና መመርመሪያ፣ አርዲቲ የምንለው የወባ ፈጣን መመርመሪያ፣ በኮቪድ ጊዜ አፍንጫ እየነካን ያየናት ባለ ሁለት መስመር ኪት፣ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ለውሃና ለምግብ ባክቴሪያ ሲሆን ግን ጉዳዩ ይከብዳል። የሚከብድበትን ምክንያት ለማየት ዛሬ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል።

ከሻንጣው የሚወጣው

የውሃ ጥራት ባለሙያ ወደ ጎለበተ ምንጭ ሲወርድ የሚይዘው የመስክ መመርመሪያ በአንድ ሻንጣ ውስጥ ያልቃል። ሥራው ግን ጥድፊያ አይወድም። ባለሙያው መጀመሪያ ናሙና መያዣ ኩባያው ውስጥ ጥቂት የሜታኖል ጠብታ ያንጠባጥብና በላይተር ይለኩሳል። ሰማያዊው ነበልባል ሊጠፋ ሲል የማጣሪያውን ክፍል ይደፋበታል። ታፍኖ የሚቃጠለው ሜታኖል ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም ዕቃውን ከባክቴሪያ ያጸዳዋል። ለዚህ ሩብ ሰዓት ያህል መታገሥ ግድ ነው። በዚህ መሐል ከኋላው የጀሪካን ወረፋ ይረዝማል፤ ልጆች ምን እንደሚቃጠል ለማየት ይጠጋሉ።

ቀጥሎ መቆንጠጫውን በእሳት ያሳልፍና ከታሸገ ፖስታ ውስጥ አንዲት ክብ፣ ነጭ፣ ስስ ማጣሪያ ያወጣል። ላይዋ ላይ ለቆጠራ የሚያግዙ አራት ማዕዘኖች ታትመውባታል። ቀዳዳዎቿ 0.45 ማይክሮ ሜትር ናቸው፤ ውሃው ያልፋል፣ ባክቴሪያው ይቀራል። 100 ሚሊ ሊትር ለክቶ ይጨምርና በእጅ ፓምፕ ይስበዋል። ከዚያ ማጣሪያዋን አንሥቶ፣ ቀይ የባክቴሪያ ምግብ በጠጣ ወፈር ያለ ወረቀት ላይ፣ ትንሿ ሳህን ውስጥ፣ መስመሯ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ያስተኛታል። ይከድናል፤ የምንጩን ስምና ሰዓቱን ይጽፋል።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። ሳህኗ በባትሪ በሚሠራ ማሞቂያ ውስጥ በ44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ትቆያለች። በማግስቱ ጠዋት ክዳኑ ሲከፈት ባዶ ከሆነ ደስታ ነው። ካልሆነ ማጣሪያዋ ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ ትናንት አንድ ባክቴሪያ የነበረች፣ ሌሊቱን የተባዛች መንደር ናት። ቶሎ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ሳህኗ ስትቀዘቅዝ ቀለሙ ይለወጣል።

ስልቱ አስተማማኝ ነው፤ ብዙ አገር የሚሠራበት ነው። ነገር ግን ማሞቂያው ቻርጅ ይፈልጋል፣ መብራት ይጠፋል፣ የባክቴሪያው ምግብ ያልቅና ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሻንጣው የሌለበት ወረዳ ደግሞ ናሙናውን በበረዶ ሳጥን ወደ ላቦራቶሪ መላክ አለበት። ናሙናው ቢቻል በ6 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው ይሞታል ወይም ይባዛል፣ ቁጥሩም የምንጩ መሆኑ ይቀራል። በክረምት ጭቃ ላይ መኪና ሲንሸራተት ይህ 6 ሰዓት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ሸካን፣ ቤንችን ወይም ከፋን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

> ሳህኗ ሌሊቱን ማሞቂያ ውስጥ ታድራለች፤ ውሃው ግን የሚጠጣው ዛሬ ማታ ነው።

በእኔ እምነት የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። የወረቀት ምርመራ ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያወራው ስለ ዋጋው ነው። ዋጋ ቁምነገር ነው፤ ለጌጫ ግን የሚበልጠው ውሃው ከተቀዳበት እስከ ውጤቱ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ውጤቱ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ይቀርና የሆነውን የሚተርክ ሪፖርት ይሆናል።

የሚፈለገው ማን ነው?

ቢጫዎቹ ነጠብጣቦች በአብዛኛው ኢ-ኮላይ ናቸው። ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪክ እ.ኤ.አ. በ1885 ከሕፃናት ዓይነ ምድር ያገኘው ይህ ባክቴሪያ በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖር ነው፤ አብዛኛው ዘሩ አያሳምምም። ውሃ ውስጥ ሲገኝ የሚያስደነግጠው ስለ አመጣጡ በሚናገረው ነው። ኢ-ኮላይ ካለ ዓይነ ምድር ከውሃው ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ዓይነ ምድር ከደረሰ ደግሞ የኮሌራ፣ የታይፎይድ ወይም የሺጌላ ባክቴሪያ ሊከተል ይችላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም ኢ-ኮላይ መገኘት የለበትም የሚለው።

በ2008 ዓ.ም የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በመላ አገሪቱ በሚያካሂደው የቤተሰብ ጥናት ውስጥ የውሃ ምርመራን ጨምሮ ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎቹ መጠይቅ ብቻ ሳይሆን ማጣሪያና ሳህን ይዘው ወደ ቤት ገቡ፤ ከምንጩም ከቤት ጀሪካንም ናሙና ወሰዱ። የተገኘው ያሳዝናል፤ የሚጠጡት ውሃ ከኢ-ኮላይ ነፃ ሆኖ የተገኘላቸው ጥቂቶች ነበሩ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ከምንጩ የባሰ ነበር። ውሃው ከምንጭ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣም በጀሪካኑ አፍ፣ በመቅጃ ጣሳው፣ ልጅ እጁን በነከረበት ባልዲ ይበከላል። ምንጩን ብቻ መርምሮ «ደህና ነው» ብሎ መመለስ ግማሽ ሥራ ነው ማለት ነው። ቤት ለቤት ለመመርመር ደግሞ ሻንጣውና ማሞቂያው አይመቹም።

ወረቀቱ እንዴት ይሠራል?

የኩራዝ ክር ላምባውን ያለ ፓምፕ ወደ ላይ እንደሚስብ ወረቀትም ፈሳሽን በራሱ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ዋይትሳይድስ ቡድን ከዚህ ተራ ጠባይ ላቦራቶሪ ሠራ። ወረቀቱ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ድንበር አበጁለትና ፈሳሹ በሚፈልጉት መስመር ብቻ እንዲሄድ አደረጉ። አንዲት የሽንት ጠብታ በአንድ ጫፍ ስትገባ ተከፋፍላ ስኳርና ፕሮቲን ወደሚለዩ ክፍሎች ትደርሳለች፤ እያንዳንዱም ክፍል በየራሱ ቀለም ይናገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ድንበሩን በሰም ማተሚያ አትሞ፣ ወረቀቱን አሙቆ ሰሙ እንዲሰርግ በማድረግ ብቻ መሥራት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የታይላንድ ተመራማሪዎች ማተሚያውንም ተዉት፤ ወረቀቱን በብረት ቅርጽ ይዘው ቀልጦ በተዘጋጀ ሰም ውስጥ መንከር በቂ ሆኖ አገኙት። ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅለው የሸካ ንብ አርቢ ማሩን ሸጦ ሰሙን ምን ያድርገው እያለ በሚያስብበት አገር ይህ ዝርዝር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ወረቀቱ መንገድ ነው፤ ባክቴሪያውን የሚለየው በላዩ የደረቀው ኬሚካል ነው። እዚህ ላይ ተመራማሪዎች በተለያየ አቅጣጫ ሄደዋል። አንዱ መንገድ ባክቴሪያው የሚያመነጨውን ኢንዛይም መጠቀም ነው። የአሜሪካው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ በሰም በተከለለ ወረቀት ላይ ሦስት ምግብ ወለድ ባክቴሪያዎችን ለዩ። ኢ-ኮላይ ሲኖር ቢጫው ወደ ቀይ ሐምራዊ ይለወጣል፤ ሊስቴሪያ ሲኖር ቀለም አልባው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሳልሞኔላ ደግሞ ነጩን ሐምራዊ ያደርገዋል። ከሥጋው ገጽ ወይም ከቢላው ላይ በጥጥ የተጠረገ ናሙና እንዲህ ሊመረመር ይችላል። ጥሬ ሥጋ በምንወድ ሕዝብ ዘንድ የሥጋ ቤት መክተፊያ በዚህ ዓይነት ወረቀት ቢዳሰስ ምን ይታይ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ሁለተኛው መንገድ አንቲቦዲ ነው፤ ወባን የምትለየው አርዲቲም በዚሁ ትሠራለች። ለአንድ ባክቴሪያ ብቻ የሚሠራ አንቲቦዲ ከደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ጋር ይታሰራል፤ ፈሳሹ ወረቀቱ ላይ ሲጓዝ ባክቴሪያውን የያዘው ወርቅ አንድ ቦታ ላይ ይጠመድና ቀይ መስመር ይሠራል። ሦስተኛው ከሁሉም የሚያስደንቅ ነው። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢ-ኮላይ ሲያገኝ የሚቆረጥ የዲኤንኤ ክር ሠርተው ጫፉ ላይ ዩሪያን የሚሰብር ኢንዛይም አሰሩበት። ባክቴሪያው ካለ ክሩ ይቆረጣል፣ ኢንዛይሙ ይፈታል፣ ዩሪያውን ሰብሮ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው ደግሞ ከትምህርት ቤት የምናውቀውን የሊትመስ ቀለም ይለውጣል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። በቶሮንቶ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ስኳር የተቀባ የወረቀት ሰቅ አቀረበ፤ ኢ-ኮላይ ስኳሩ ስቦት ወደ ወረቀቱ ይመጣና እዚያው ተይዞ ወደ ቀይ ያደላ ሮዝ ቀለም ይታያል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ደግሞ አለ። ህንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 የባክቴሪያ ምግብና ብረት ያለበት ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት ጠርሙስ ውስጥ አድርቀው ምርመራ ሠሩ። ውሃው ይጨመርበታል፣ ይከደናል፣ ይቀመጣል። ከአንጀት የሚመጡ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ስለሚያወጡ ጋዙ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ወረቀቱ ይጠቁራል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ጥቁርና ነጭ ይለያል። በገጠር እስያ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነው።

አንድ ጠብታና አንድ ብርጭቆ

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ለምን በየጤና ኬላው አላየነውም? ብዙዎች ገንዘብ ወይም ቢሮክራሲ ይላሉ። ከዚያ የሚቀድም ግን የተፈጥሮ እንቅፋት አለ።

ወረቀት የሚጠጣው ጠብታ ነው። መመዘኛው ግን በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም አይኑር ይላል። አንድ ባክቴሪያ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢኖር ወረቀቱ በወሰደው ጠብታ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ኢምንት ነው። የወባ አርዲቲ ይህ ችግር የለባትም፤ የታመመ ሰው ደም ውስጥ ወባው ሞልቷል። የኮሌራ አርዲቲም እንዲሁ፤ የታማሚው ዓይነ ምድር በባክቴሪያው የተጨናነቀ ስለሆነ ሰቁ በሃያ ደቂቃ ገደማ መስመሩን ያወጣል። ውሃ ግን በጥቂቱ ተበክሎ በብዙው ይጎዳል። የአንቲቦዲ ሰቅ እንዲያየው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአሥር ሺህ በላይ ባክቴሪያ ያስፈልጋል።

> የታመመ ሰው ደም ይናገራል፤ የተበከለ ምንጭ ግን ያንሾካሹካል።

ስለዚህ ከሁለት አንዱ መደረግ አለበት፤ ወይ ብዙ ውሃ አጣርቶ ባክቴሪያውን ወረቀቱ ላይ ማከማቸት፣ ወይ ባክቴሪያውን አባዝቶ መጠበቅ። ኢ-ኮላይ ምግብና ሙቀት ሲመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ ስሌት ከአንዱ ባክቴሪያ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይወለዳሉ። የኮሎራዶው ወረቀትም የተነገረለትን ጥቂት ባክቴሪያ የሚለየው ናሙናው ለሰዓታት ምግብ ውስጥ ከቆየ በኋላ ነው። «በደቂቃ ውስጥ» የሚል ማስታወቂያ ሲታይ ቆጠራው ከየት እንደጀመረ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ለጌጫ የራሱ ፈተና አለው። ማባዛት ሙቀት ይፈልጋል፤ ጌጫ ደግሞ ደጋ ናት። የህንዱ ጠርሙስ በቆላ ሙቀት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በአንድ ሌሊት ሲጠቁር፣ በጌጫ ብርድ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ለዚህ የተገኘው መላ ያስደስታል፤ በሌሎች አገሮች የውሃ ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች ናሙናውን በጨርቅ ቀበቶ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ያድራሉ። የሰው ገላ ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚሠራ፣ መብራት የማይጠፋበት ማሞቂያ ነው።

ርጥበት፣ ብረትና የቡና ፍሳሽ

አንድ የኬሚስትሪ መምህር ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ስለ ወረቀት ምርመራ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚያነሣው ርጥበትን ነው። ወረቀት ከአየር ውሃ ይጠጣል። ላዩ ላይ የደረቀው ኢንዛይም ወይም አንቲቦዲ ርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይበላሻል። ስለዚህ ሰቆች በአሉሚኒየም ፖስታ፣ ርጥበት የሚመጥ ከረጢት ተጨምሮላቸው ይታሸጋሉ። የተከፈተ ፖስታ ጌጫ ላይ ለነገ አይተርፍም፤ ልብስ እንኳ በቅጡ በማይደርቅበት አገር ወረቀት ይደርቃል ብሎ ማሰብ አይቻልም። በደረቅ ላቦራቶሪ ተሞክሮ «ለዓመት ይቆያል» የተባለ ሰቅ እዚህ ስንት ወር እንደሚቆይ እዚሁ ካልተሞከረ አይታወቅም።

ሌላው የውሃው የራሱ ቀለም ነው። ከደን ሥር የሚወጣ ውሃ ከበሰበሰ ቅጠል የወሰደው የሻይ መልክ ሊኖረው ይችላል፤ ብረት የበዛበት ምንጭም ድንጋዩን ያዝገዋል። ቢጫን ከቀይ ለይቶ መናገር ያለበት ወረቀት በእንዲህ ያለ ውሃ ሊምታታ ይችላል። ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ጎጆ ውስጥ ደግሞ ሮዝና ብርቱካን አንድ ይመስላሉ። በስልክ ካሜራ ፎቶ አንሥቶ ቀለሙን እንዲያነብ የማድረግ ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው።

ከጌጫ ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን ሲወረድ ሌላ ነገር ይጨመራል። በቡና ለቀማ ወቅት የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ብዙ ውሃ ይወስዳሉ፤ ገለፈቱንና ልጋጉን ያጠበው ፍሳሽ ካልተጣራ ወደ ወንዝ ይገባል። ፍሳሹ ስኳር የበዛበት በመሆኑ ወንዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጂን ያስጨርሳል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቡና አገር ወንዞች ላይ ይህን አጥንተው አሳትመዋል። ለወረቀት ምርመራ ደግሞ ፍሳሹ ቡናማም ኮምጣጣም መሆኑ አደጋ አለው። የሊትመሱ ዓይነት ምርመራ ባክቴሪያ መኖሩን የሚናገረው ውሃው ከአሲድነት ሲርቅ ነው፤ ውሃው ከመጀመሪያው ኮምጣጣ ከሆነ አሞኒያው ኮምጣጣነቱን በማርገብ ያልቅና ቀለሙ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። ወረቀቱ «ደህና ነው» ይላል፤ ከታች ያለው ለቃሚ ይጠጣል። ቡና ለመልቀም ከሩቅ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚጠጣው ከአጠገቡ ካለው ጅረት እንደሆነ የእርሻ አስተባባሪዎች በደንብ ያውቃሉ።

ርካሽ ምርመራ ያሳሳተን ጊዜ

አገራችን ከርካሽና ፈጣን ምርመራ ጋር የቆየ ታሪክ አላት፤ ሁሉም የሚያኮራ አይደለም። ትኩሳት ይዞት ወደ ክሊኒክ የገባ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሃል» ተብሎ ያልወጣ ስንቱ ነው? ከዚህ ውጤት ጀርባ ያሉት ሁለት ምርመራዎች ያረጁ ናቸው፤ ዊዳል የተባለው እ.ኤ.አ. ከ1896፣ ዌል ፊሊክስ የተባለው ከ1916 ጀምሮ ይሠራባቸዋል። ቀላል ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፣ ደቂቃ ብቻ ይፈጃሉ። የሚያዩት ግን ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመነጨውን አንቲቦዲ ነው፤ ያ አንቲቦዲ ደግሞ ከአሮጌ ሕመም ወይም ከሌላ ባክቴሪያ የቀረ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ በተሠራ ዊዳል ታይፎይድ ነው ብሎ መቁረጥ ብዙ ሰው የማያስፈልገውን አንቲባዮቲክ እንዲውጥ አድርጓል፤ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያም በዚህ መንገድ ይበረታል። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ይህን ያውቁታል። ታማሚው ግን ወረቀት ላይ የተጻፈ ውጤት ይዞ መውጣት ይፈልጋል፤ የሚጽፍለትም አያጣም።

የወባ አርዲቲ በተቃራኒው ሕይወት ያተረፈች ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ወባን ከትኩሳት ሁሉ ለይቶ ማከም ወደ ጤና ኬላ ወርዷል፤ በየኪ ወረዳና በቴፒ አካባቢ ያሉ ባለሙያዎች ያለ እርሷ መሥራት አይታያቸውም። ግን እርሷም አልተሸነገለችም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12,000 በላይ ሰዎችን የመረመረ ጥናት አርዲቲው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጩ የወባ ጥገኛ ተህዋስያን እየተስፋፉ መሆኑን አሳየ። ምርመራው ያላያቸው ሳይታከሙ ይቀራሉ፤ ሳይታከሙ የቀሩት ይራባሉ። ጋምቤላ ለሸካ ጎረቤት ናት።

> ሰቁ ከታመነ በኋላም የሚጠብቀው ላቦራቶሪ ያስፈልገዋል።

ኮሌራ ላይ የተለመደው አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። ነሐሴ 2014 ዓ.ም ባሌ ላይ ጀምሮ ወደ ብዙ ክልሎች በተዛመተው፣ በ2017 ዓ.ም ጋምቤላንም በመታው ወረርሽኝ ጊዜ ፈጣን ሰቁ ያገለገለው ለማንቂያ ነው። መስመሩ ሲወጣ ዝግጅት ይጀመራል፤ ማረጋገጫው ግን ከላቦራቶሪ ይጠበቃል። እዚህም ላይ ወረቀት ሌላ ውለታ ይውላል፤ ናሙናው የማጣሪያ ወረቀት ላይ ተደርጎ፣ በትንሽ የጨው ውሃ ረጥቦ ለዲኤንኤ ምርመራ ሩቅ ሊጓዝ ይችላል።

ቀለሙ ከተለወጠ በኋላ

እንበል ጥሩ ሰቅ ተገኘ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ገብታ ከጀሪካኑ ውሃ ወሰደች፣ በማግስቱ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች፣ ቀለሙ ተለውጧል። «እናቴ፣ ይኸው ይታይሽ» አለቻት። ከዚህ ማስረጃ በኋላ «ጥርት ያለ ነው» የሚል ክርክር አይኖርም፤ በዓይን የታየ ነገር ከአሥር ስብከት ይበልጣል።

ቀጥሎ ግን የሚጠየቀው ምን ላድርግ የሚል ነው። ማፍላት ይቻላል፤ ማገዶና ጊዜ ይፈልጋል። ውሃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ የተባለው የውሃ ማከሚያ ገበያ ላይ ካለ መጨመርና ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ምንጩ ራሱ ከተበከለ ደግሞ ከላይ በኩል ከብት እንዳይገባ ማጠር፣ የተሰነጠቀውን ሲሚንቶ መድፈን፣ ከምንጩ በላይ የተቆፈረ መጸዳጃ ቤት ካለ ማንሣት ይመጣል። የውሃ ኮሚቴ አባላት የሚያማርሩት እዚህ ላይ ነው፤ ችግሩ ይነገራቸዋል፣ መጠገኛው አይሰጣቸውም። ቤት ያለውን ውሃ የሚያየው ጤና ነው፣ ምንጩን የሚጠግነው የውሃ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሁለቱ በየራሳቸው ሪፖርት ይጽፋሉ። ሰቁ ሲመጣ ውጤቱ ለሁለቱም በአንድ ቀን የሚደርስበት መንገድ አብሮ ካልመጣ ቀለሙ ባለቤት አያገኝም። ክሎሪን ሳያቀርቡ ሰቅ ማደል ደግሞ ሰውን አስፈራርቶ መተው ነው።

ሰቁስ ከየት ይምጣ? ከውጭ ተገዝቶ መምጣቱ አይቀርም፤ እዚህ መሞከሩ ግን የግድ ነው። በ1999 ዓ.ም የተከፈተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ቴፒ ላይ የተፈጥሮ ሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች አሉት፤ ጅማም ሩቅ አይደለም። የኬሚስትሪ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ሰም፣ የማጣሪያ ወረቀትና ጥቂት ኬሚካል ይዞ ሊጀምር የሚችለው ነገር ነው። አዲስ ሰቅ መፈልሰፍም አይጠበቅበትም። የተፈለሰፉት በጌጫ ርጥበት፣ በደን ውሃ ቀለም፣ በቡና ወቅት ወንዝ ላይ ይሠሩ እንደሆነ ማረጋገጥ ራሱን የቻለ ምርምር ነው፤ ይህን ሥራ ደግሞ ከሃርቫርድ ወይም ከቶሮንቶ ሆኖ የሚሠራልን የለም።

አሠራሩ ግልጽ ነው። እነዚያው ምንጮችና እነዚያው ጀሪካኖች በክረምትም በበጋም በሁለቱም መንገድ፣ በወረቀቱም በባለ ቢጫ ነጠብጣቧ ሳህንም፣ ጎን ለጎን ይመርመሩ። ወረቀቱ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ ሳይሸፋፈን ይመዝገብ። ከስህተቶቹም ውስጥ ንጹሑን ውሃ «ተበክሏል» ያለባቸውና የተበከለውን «ደህና ነው» ያለባቸው ለየብቻ ይቆጠሩ፤ በፊተኛው አንዲት እናት ማገዶ ታባክናለች፣ በኋለኛው ልጇ ይታመማል።